በቤተሰብ የኦቫሪ ካንሰር ካለ ምን ይሻላል፦ ክትትል፣ ኪኒን፣ ቱቦ ብቻ ማስወጣት ወይስ ኦቫሪውን ጭምር?

እናቷን ወይ እህቷን በኦቫሪ ካንሰር ያጣች ሴት ሀዘኑ ትንሽ በረድ ሲልላት "እኔንስ?" ማለቷ አይቀርም። ሀኪም ጋ ስትሄድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነገራት "በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እየተነሳሽ ተከታተይ" ነው፣ እሷም ያንን እያደረገች ተጠብቄያለሁ ብላ ትኖራለች። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ለጡት ካንሰር ክትትል ይሰራል፣ ለኦቫሪ ግን ክትትል ብቻውን ሞት እንደሚቀንስ እስካሁን ማሳየት አልተቻለም፣ ስለዚህ ምርጫዎቹ አንድ ላይ ይጠሩ እንጂ እኩል አይደሉም። ልዩነታቸውን ነው እዚህ የማወዳድረው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ጤና ጣቢያ የሚሰሩት ቪያ የሚባለው ምርመራ፣ የኤችፒቪ ምርመራ፣ ፓፕ ስሚር፣ እነዚህ ሁሉ የሚያዩት የማህፀን በርን ነው። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባትም ለማህፀን በር ካንሰር ነው። ኦቫሪ ማለት እንቁላል የሚያመርቱት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ እጢዎች ናቸው፣ ቱቦ የምላቸው ደግሞ እንቁላሉን ከኦቫሪ ወደ ማህፀን የሚያደርሱትን ሁለቱን ነው። ኦቫሪን ከነዚህ ምርመራዎች አንዱም አያየውም። "የማህፀን ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ ተብያለሁ" የምትል ሴት ስለ ኦቫሪዋ ምንም አልተነገራትም ማለት ነው፣ ምርመራዎቹ ግን ለራሳቸው ጉዳይ በጣም ጠቃሚ ስለሆኑ አትተዉአቸው።

መጀመሪያ፦ ጉዳዩ በዘር ነው ወይስ አይደለም

ከ100 ሴቶች በህይወት ዘመኗ የኦቫሪ ካንሰር የሚይዛት አንድ ወይም ከአንድ ትንሽ በላይ ነው። ብራካ 1 የሚባለው ጂን ላይ ጉድለት ይዛ የተወለደች ሴት ግን እስከ 80 ዓመቷ ባለው ጊዜ እድሏ ወደ 44 ከመቶ ይደርሳል፣ ብራካ 2 ከሆነ ወደ 17 ከመቶ፣ ይሄ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ተሸካሚ ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ቁጥር ነው። የጡት ካንሰር እድላቸው ደግሞ ሁለቱም ጋ ወደ 70 ከመቶ ነው። ሊንች ሲንድሮም የሚባል ሌላም አለ፣ እሱ በዋናነት የትልቁ አንጀትና የማህፀን ካንሰር ነው የሚያመጣው ግን ኦቫሪንም ይነካል፣ እንደ ጂኑ ዓይነት አስር ከመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላል።

በተቃራኒው የኦቫሪ ካንሰር ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ በዘር የመጣ አይደለም፣ በዘር የሚመጣው ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንዲት አክስት በ70 ዓመቷ ታማ ነበር ብሎ መላው ቤተሰብ መሸበር የለበትም። ግን ደግሞ በኦቫሪ ካንሰር የታመመች ማንኛዋም ሴት የጂን ምርመራ ይገባታል፣ አሁን ያለው የባለሙያዎች ምክር እንደዛ ነው፣ እድሜዋ ስንትም ይሁን።

እና ዋናው ጣጣ ምን መሰላችሁ፣ እኛ ጋ የቤተሰብ ታሪክ አይነገርም። "ክፉ በሽታ ይዟት" ይባላል፣ "ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ሞተች" ይባላል፣ "መድኃኒት አድርገውባት" የሚልም አለ። የካንሰር ስም በቤት ውስጥ አይጠራም፣ በዘር ነው ከተባለማ የልጆቹን ትዳር ያበላሻል ተብሎ ይበልጥ ይደበቃል። ስለዚህ አያትን ወይ ትልቅ አክስትን ስትጠይቁ "ካንሰር ነበር ወይ?" ብላችሁ አትጀምሩ፣ "እትዬ፣ እሷ ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር? መጀመሪያ ምኗን ነው ያመማት? ሆዷ አብጦ ነበር? ከሆዷ ውሃ ቀድተውላት ነበር? ጡቷ ላይ እባጭ ነበር? የት ነው የታከመችው?" እያላችሁ ነው። ሆድ ማበጥና ውሃ መቅዳት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፣ የጉበት በሽታም የሆድ ቲቢም እንደዛ ያደርጋል፣ ግን በ48 ዓመቷ ጉበቷ ደህና የሆነች ሴት ከሆነች እና እህቷ ደግሞ በ42 ዓመቷ በጡት ከሞተች ነገሩ ሌላ ነው። ጥቁር አንበሳ ወይ ሌላ ሆስፒታል የታከመች ከሆነ የባዮፕሲ (ከአካል ተቆርጦ የተመረመረ ናሙና) ወረቀቱን ፈልጉ፣ ብዙ ቤተሰብ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

የአባትንም ወገን ጠይቁ። ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፣ ጂኑ በአባት በኩልም እኩል ይወርዳል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ወንድም ሴትም ይወርሰዋል። የአባታችሁ እናትና እህቶች ታሪክ የእናንተ ታሪክ ነው። እንደገና ደግሞ በጦርነት፣ በረሀብ፣ በስደት ብዙ ሰው በወጣትነቱ ያለቀበት ቤተሰብ ወይም ወንድ ብቻ የበዛበት ቤተሰብ "እኛ ዘር ውስጥ የለም" ቢል ያ ብዙ ትርጉም የለውም፣ በሽታው የሚታይበት እድሜ ላይ የደረሰ ሴት ስላልነበረ ሊሆን ይችላል።

ምርመራ ጠይቁ የሚያስብሉት ነገሮች፦ የኦቫሪ ካንሰር የያዛት የቅርብ ዘመድ፣ ከ50 ዓመት በታች የጡት ካንሰር፣ አንድ ሰው ላይ ሁለቱም ጡት፣ የወንድ የጡት ካንሰር፣ በአንድ ወገን ጡትና ጣፊያ ወይ ፕሮስቴት ሲደራረብ። አንጀትና ማህፀን በአንድ ወገን ከተደጋገመ ደግሞ ሊንችን ነው መጠርጠር። እዚህ ጋ ጣፊያ ያልኩት ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ፓንክሪያስ ነው፣ ብዙ ሰው በዚህ ስም ስለሚጠራው።

የጂን ምርመራ፦ ማን ይቅደም፣ የቱ ይሻላል

ታማሚዋ በህይወት ካለች እሷ ትቅደም፣ ጤነኛዋ ልጅ አይደለችም መቅደም ያለባት። ለምን ብትሉ፣ እናት ላይ ጉድለቱ ከተገኘ ልጆቿ ያንን አንዱን ቦታ ብቻ ነው የሚታዩት፣ የሌለባት ልጅ በእርግጠኝነት እፎይ ትላለች። እናት ሳትታይ ልጅ ብትታይና ምንም ባይገኝ ግን ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ነገር አልተወረሰም ወይስ ምርመራው ያላየው ነገር ነው የሚለው ሳይመለስ ይቀራል። ለታማሚዋም ራሷ ይጠቅማታል፣ እንደ ኦላፓሪብ ያሉ ፓርፕ ኢንሂቢተር የሚባሉ ኪኒኖች ብራካ ያለባቸው ላይ በጣም የተሻለ ውጤት አላቸው፣ ኦላፓሪብ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ዋጋው ውድ ነው፣ ግን ቢያንስ ሀኪሟ ያውቀዋል።

ከምርመራ ዓይነት ሶስት አለ በሉት። አንደኛው በምራቅ ቤት ውስጥ የሚደረገው፣ እንደ ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ ያለው። አሜሪካ ያሉ ልጆች የዘር ግንዳቸውን ለማወቅ ብለው ያዙትና "ብራካም አየሁ፣ የለብኝም" ይላሉ። ያ ምርመራ ሲፈቀድ ያይ የነበረው 3 ጉድለቶችን ብቻ ነበር፣ እነሱም ከአውሮፓ የመጡ አሽከናዚ አይሁዶች ላይ የሚበዙት ናቸው፣ በኋላ ቁጥሩን ወደ 44 አሳድጎታል፣ የሚታወቁት ጉድለቶች ግን በሺዎች ናቸው። ለሀበሻ ሴት ይሄ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ጥቂት መስመር አንብቦ ስህተት የለውም እንደማለት ነው። ካገኘባችሁ በሀኪም በኩል አረጋግጡ፣ ካላገኘባችሁ ግን ምንም አልተነገራችሁም።

ሁለተኛው የተወሰኑ ጉድለቶችን ብቻ የሚያይ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። እስራኤል ያላችሁ ልብ በሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለአሽከናዚ ሴቶች ያለምንም የቤተሰብ ታሪክ በጤና ቅርጫቱ (መንግስት በሚሸፍነው የህክምና ዝርዝር) የሚሰራው በእነሱ ዘንድ የተለመዱትን ነው የሚፈልገው። ቤተ እስራኤል የሆነች ሴት በቤተሰቧ ካለ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቷ) ሄዳ የጄኔቲክ ምክር ቀጠሮ ነው መጠየቅ ያለባት፣ እዛም "ሙሉ ጂኑ ይነበብልኝ" ትበል።

ሶስተኛውና ትክክለኛው ሙሉ ፓነል ነው፣ ብራካ 1ን እና 2ን ከጫፍ ጫፍ የሚያነብ፣ ከነሱ ጋር የሊንች ጂኖችንና ራድ51ሲ፣ ራድ51ዲ፣ ብሪፕ1 የሚባሉትን የሚጨምር። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ይሄ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፣ አንድ ኩባንያ ጂኖቹን በፓተንት ይዟቸው ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተፈጥሮ የሰራችው ዲኤንኤ በፓተንት አይያዝም ብሎ ከወሰነ በኋላ ዋጋው ወረደ፣ አሁን ከኪስ ቢከፈል እንኳን ወደ 250 ዶላር የሚያስከፍሉ አሉ። የቤተሰብ ታሪክ ላላት ሴት ደግሞ አብዛኛው ኢንሹራንስ ያለ ክፍያ ይሸፍነዋል። አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር፣ ጂና የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2008 ህግ የጤና ኢንሹራንስና ቀጣሪ በጂን ውጤት እንዳያገልላችሁ ይከለክላል፣ የህይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም፣ ስለዚህ የህይወት ኢንሹራንስ የምታስቡ ከሆነ ከምርመራው በፊት ግቡ።

አዲስ አበባ ላይ ምርመራው እንደ ደም ስኳር በየላቦራቶሪው የሚገኝ ነገር አይደለም፣ በአብዛኛው ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ነው የሚመጣው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሬ ስለሚሰላ ይከብዳል። ውጭ ያለ ዘመድ ካለና ሊያግዝ ከፈለገ በእኔ እምነት ለዓመታት አልትራሳውንድ ከመክፈል ለታማሚዋ አንድ ሙሉ ፓነል መክፈል ይበልጣል። አሜሪካ ወይ አውሮፓ ያለች እህት ራሷ ተመርምራ ከተገኘባትም ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው፣ ያን ወረቀት ይዘው አገር ቤት ያሉት አንዱን ቦታ ብቻ ማስመርመር ይችላሉ።

ውጤቱ ሶስት ዓይነት ነው የሚመጣው። አለ፣ የለም፣ ወይም "ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ" የሚባለው። ሶስተኛው በሀበሻና በሌሎች አፍሪካውያን ላይ ከነጮች ይበልጥ ይበዛል፣ ምክንያቱም የእኛ ጂን የመረጃ ቋቶቹ ውስጥ በቂ ስለሌለ ነው። እንደዚህ ዓይነት ውጤት ይዞ ኦቫሪ ማስወጣት ትክክል አይደለም! አብዛኞቹ በኋላ ምንም የማያደርጉ ሆነው ነው የሚገኙት። ውሳኔው በቤተሰብ ታሪኩ ይመራል፣ ወረቀቱ ይቀመጣል፣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ላቦራቶሪው ትርጉሙን ቀይሮት እንደሆነ ይጠየቃል።

ጉድለቱ ከተገኘ፦ አራቱ መንገዶች

አሁን ዋናው ላይ ደረስን።

አንደኛው ክትትል ነው፣ ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራና በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ። ጥሩ ጎኑ ምንም አካል አይነካም፣ የትም ይገኛል። ግን እንግሊዝ አገር ከ200 ሺህ በላይ ሴቶችን ከፋፍለው ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያወጡት፣ ሲኤ 125ን በየዓመቱ እየተከታተሉ የተመረመሩት አንዳንዶቹ ላይ ካንሰሩ ቀደም ብሎ ተገኘ እንጂ ከበሽታው የሞቱት ቁጥር ካልተመረመሩት አላነሰም። ያ ጥናት በተራ ሴቶች ላይ ነው፣ ጂኑ ባለባቸው ላይ የተሰሩትም ቢሆኑ ህይወት እንደሚያድን አላረጋገጡም። ምክንያቱ ካንሰሩ ፈጣን ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ከኦቫሪው ሳይሆን ከቱቦው ጫፍ ነው፣ ከዛ በአልትራሳውንድ የሚታይ እብጠት ሳይሰራ ሆድ ውስጥ ይበተናል። ሲኤ 125 ደግሞ ከ35 በላይ ከሆነ ከፍ አለ ይባላል ግን የወር አበባ ላይ መሆን፣ ማዮማ (የማህፀን እባጭ)፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ሽፋን ከማህፀን ውጪ ሲበቅል)፣ እርግዝና፣ የጉበት በሽታ ያስጨምሩታል፣ የሆድ ቲቢ እኛ አገር የተለመደ ስለሆነ በመቶዎች የሚቆጠር ቁጥር ያሳያል፣ ካንሰር ነው ተብላ ሆዷ ተከፍቶ ቲቢ የተገኘባት ሴት አለች። በሌላ በኩል የመጀመሪያ ደረጃ ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ላይ ቁጥሩ ኖርማል ነው። ስለዚህ ክትትልን እንደ መጠበቂያ አድርጎ የሚነግራችሁን አትቀበሉ። ቦታ አለው፣ ገና ልጅ ልትወልድ ያለች ወይም ለጊዜው ኦፕራሲዮን የማትፈልግ ሴት ምንም ከማታደርግ ታድርገው፣ እንግሊዞቹም ኦፕራሲዮኑን ላዘገዩ ሴቶች ነው በየአራት ወሩ ደሙን በልዩ ስሌት እየተከታተሉ የሚያዩት። በቃ ጊዜ መግዣ ነው።

ሁለተኛው ኪኒን ነው፣ በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ፣ ሁለቱንም ሆርሞን የያዘው። ለአምስት ዓመት ገደማ የወሰዱ ሴቶች የኦቫሪ ካንሰር እድላቸው ወደ ግማሽ ይቀንሳል፣ ብራካ ያለባቸውም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ ካቆሙት በኋላም ጥቅሙ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ጉዳቱ እየወሰዱት ባለበት ጊዜ የጡት ካንሰር እድልን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ብራካ ያለባት ሴት ደግሞ የጡቱ እድል ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ከሀኪም ጋር መመዘን አለበት፣ ደም የመርጋት ታሪክ ያላት፣ የምታጨስና ከ35 በላይ የሆነች፣ ግፊት ያለባት አትወስደውም። የሶስት ወር መርፌውና ክንድ ላይ የሚቀበረው እኩል ማስረጃ የላቸውም፣ እኔ የማወራው ስለ ኪኒኑ ነው። በ20ዎቹና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላለች ሴት ጥሩ ምርጫ ነው፣ ግን ግማሽ ቀነሰ ማለት ለብራካ 1 ከ44 ወደ 20ዎቹ ወረደ ማለት ነው፣ አሁንም ብዙ ነው። መውለድና ማጥባትም እድሉን ይቀንሳሉ፣ እነሱን ግን ለመከላከያ ብሎ የሚያደርግ የለም።

ሶስተኛው ቱቦዎቹን ብቻ ማስወጣትና ኦቫሪውን ለኋላ ማቆየት። ይሄ አዲስ ሀሳብ ነው፣ ካንሰሩ ከቱቦ ይጀምራል ከተባለ በኋላ የመጣ። ሴትየዋ ሆርሞኗ አይቋረጥም፣ ድንገተኛ ማረጥ የለም፣ ሆላንድ ውስጥ በተሰራ ጥናት ቱቦ ብቻ ያስወጡት ሴቶች የማረጥ ስቃያቸው ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። ምን ያህል ካንሰር ይከላከላል የሚለው ግን ገና በትልልቅ ጥናቶች እየታየ ነው፣ ለብራካ ተሸካሚዎች የሙሉው ኦፕራሲዮን ምትክ ተብሎ አልጸደቀም። እኔ እንደማስበው ልጅ ጨርሳ ኦቫሪ ለማውጣት ግን ገና 33 ወይም 34 ዓመቷ ለሆነች ሴት፣ ወይም ማረጥን በጣም ፈርታ ሙሉውን ጨርሶ እምቢ ላለች ሴት ጥሩ መሀል መንገድ ነው፣ ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን በኋላ እንደምትመለስበት ቀን ይዛ እስከሄደች ድረስ። "በኋላ" ብሎ መርሳት ነው አደጋው።

በነገራችን ላይ ይሄ ቱቦ የማስወጣት ነገር ጂን ለሌለባትም ሴት ይጠቅማል፣ ለሀገራችን ደግሞ ከሁሉም የሚቀርበው ይሄ ይመስለኛል። መውለድ የጨረሰች ሴት በማዮማ ምክንያት ማህፀኗ ሊወጣ ከሆነ ወይም በሲዛሪያን ስትወልድ አብራ ቱቦዬን አስቋጥራለሁ ካለች፣ "ከመቋጠር ይልቅ ቱቦዎቹ ሙሉ ለሙሉ ይውጡልኝ፣ ኦቫሪው ይቆይ" ብላ ሀኪሟን መጠየቅ ትችላለች። የአሜሪካ የማህፀን ሀኪሞች ማህበርም ይሄንን አማራጭ ለሴቶች ንገሩ ብሎ ይመክራል። ሆዱ ተከፍቷል፣ የሚጨምረው ጊዜ ትንሽ ነው፣ ወጪም ብዙ የለውም። መልሶ የሚቀጠል ነገር ስላልሆነ ግን መውለድ መጨረሷን እርግጠኛ ትሁን።

አራተኛው ሁለቱንም ኦቫሪና ሁለቱንም ቱቦ ማስወጣት ነው። ከአራቱ ህይወት እንደሚያድን የተረጋገጠለት ይሄ ብቻ ነው። ከ5,700 በላይ የብራካ ተሸካሚ ሴቶችን የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የኦቫሪ፣ የቱቦና የሆድ እቃ ሽፋን ካንሰርን በ80 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፣ በማንኛውም ምክንያት መሞትንም በብዙ ቀንሷል። ኦፕራሲዮኑ ራሱ በላፓራስኮፒ ከተሰራ ቀላል ነው፣ ትንንሽ ቀዳዳ ነው፣ ብዙዎቹ በዛው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ጊዜው ለብራካ 1 ከ35 እስከ 40 ዓመት፣ ለብራካ 2 በሽታው ዘግየት ብሎ ስለሚመጣ ከ40 እስከ 45። ሊንች ከሆነ እንደ ጂኑ ዓይነት ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ነው፣ እሱ ላይ ማህፀኑም አብሮ ይወጣል፣ ለብራካ ግን ማህፀን ማውጣት የግድ አይደለም። በ25 ዓመቷ ብራካ የተገኘባት ልጅ ተደናግጣ ሮጣ ኦፕራሲዮን አትግባ፣ ከ35 በፊት የኦቫሪው እድል በጣም ትንሽ ነው፣ በዛ እድሜ የሚያስፈልጋት የጡት ክትትል ነው፣ ኤምአርአይ ካለ በየዓመቱ።

የፊልም ተዋናይዋን አንጀሊና ጆሊን ብዙ ሰው ያውቃታል፣ ብራካ 1 ተገኝቶባት ጡቷን ማስወጣቷን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኦቫሪና ቱቦዋን ማስወጣቷን ደግሞ በ2015 አሳወቀች፣ እናቷ በ56 ዓመቷ ነበር የሞተችው። ስሟን የማነሳው ሁለቱን በአንድ ጊዜ አለማድረጓ ላይ ትኩረት እንድታደርጉ ነው፣ የጡቱና የኦቫሪው ውሳኔ ሁለት የተለያየ ውሳኔ ነው፣ ጡት ላይ መከታተልን መርጣችሁ ኦቫሪ ላይ ኦፕራሲዮንን መምረጥ ትችላላችሁ፣ እንደውም ብዙ ሴቶች የሚያደርጉት ይሄንን ነው።

ዋጋው፦ ማረጥ

ሙሉውን ኦፕራሲዮን የሚያስፈራው ቢላዋው ሳይሆን ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ይሄን ሳይነግሯት ሴት ማስፈረም ደግሞ ትልቅ በደል ነው። በ38 ዓመቷ ኦቫሪ የወጣላት ሴት በሳምንታት ውስጥ ታርጣለች። ድንገት የሚመጣ ሙቀትና ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የብልት መድረቅ፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ብስጭት፣ ቆይቶ ደግሞ አጥንት መሳሳትና የልብ በሽታ። ታላቅ እህቴ ስትወስን ያስጨነቃት ካንሰሩ ሳይሆን ይሄ ነበር፣ "ባሌ ምን ይለኛል" የሚለው ጭምር። መልስ አለው፣ ሆርሞን መተኪያ ይባላል፣ የጡት ካንሰር ይዟት ለማታውቅ ሴት እስከ 50 ዓመት አካባቢ፣ ተፈጥሮ ራሷ የምታቆምበት እድሜ ድረስ በኪኒን ወይም በፓች ይሰጣል፣ ማህፀን ያላት ሴት ሁለቱንም ሆርሞን፣ ማህፀን የሌላት ኢስትሮጅን ብቻ። በቂ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ የእግር ጉዞና የአጥንት መለኪያም ይጨመራል። የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ግን በአብዛኛው ሆርሞን አይሰጣትም፣ ለሷ ከባዱ ሚዛን እሱ ነው፣ ከሆርሞን ውጪ የሆኑ መድኃኒቶች ስላሉ እነሱን ከሀኪሟ ጋር ታንሳ።

አላገባሁም፣ አልወለድኩም የምትል 36 ዓመት የሞላት ሴት ደግሞ ሌላ ጭንቀት አላት፣ ቤተሰብም "መጀመሪያ ውለጂ" ይላታል። እንቁላል ወይም ጽንስ አስቀምጦ ኦቫሪውን ማውጣት ይቻላል፣ ማህፀኗ እስካለ ድረስ በኋላ ማርገዝ ትችላለች። ውጭ ያለች ይሄን ከኦንኮሎጂ ባለሙያዋ ጋር ታንሳ፣ አገር ቤት ያለች ጳውሎስ ሆስፒታል ያለውን የመካንነት ህክምና ማዕከል ምን እንደሚችሉ ሄዳ ትጠይቅ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሰርጀኑን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ "ቱቦዎቹ ሙሉ ለሙሉ በስስ ተቆራርጠው ፓቶሎጂ (ቁራጩን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ክፍል) ይታያሉ ወይ?" ምክንያቱም ጤነኛ ነኝ ብለው ከገቡ ተሸካሚዎች ጥቂቶቹ ላይ የተደበቀ ካንሰር ተገኝቶ ያውቃል፣ ከመቶ ከሁለት እስከ አምስት ያህል፣ ተራ የፓቶሎጂ ምርመራ አንድ ሁለት ቁራጭ ብቻ ካየ ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ "የሆድ ውስጡ በውሃ ታጥቦ ውሃው ለምርመራ ይላካል ወይ?" መልሱ "አያስፈልግም" ከሆነ የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት የሆነ፣ ጋይኒ ኦንኮሎጂስት የሚባለውን ፈልጉ፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ አሉ።

ምንም መመርመር ለማትችል

ዱባይ፣ ጅዳ ወይ ቤይሩት በኮንትራት ያለች፣ ወይም ክፍለ ሀገር ያለች ሴት ይሄን ሁሉ አንብባ "እኔ ይሄን የት አገኛለሁ" ልትል ትችላለች። ለጉዞ የሚደረገው የጤና ምርመራ ኦቫሪን አያይም፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ጉበትና እርግዝና ነው የሚያየው። ለናንተ ምልክቶቹን ማወቅ ይቀራችኋል፦ ሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ ወይ የታችኛው ሆድ ህመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። ማንም ሴት አልፎ አልፎ ይሰማታል፣ ልዩነቱ አዲስ መሆኑና መደጋገሙ ነው፣ በወር ከ12 ቀን በላይ ከሆነ እና ከጀመረ ዓመት ካልሞላው ዝም አይባልም። እኛ ጋ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጣል፣ ከዛ አሜባ፣ ከዛ ጃርዲያ፣ ከዛ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ወራት ያልፋል። በቤተሰብ ካለ ሀኪሙን በግልጽ "እናቴ በኦቫሪ ካንሰር ነው የሞተችው፣ አልትራሳውንድ እዘዝልኝ" በሉት። ምልክት ሲኖር አልትራሳውንድና ሲኤ 125 ትክክለኛ ምርመራ ናቸው፣ ከላይ የተቃወምኩት ምልክት የሌላት ሴት በነሱ ብቻ ተጠብቄያለሁ እንዳትል ነው። አልትራሳውንዱ ላይ ሲስት (ከረጢት መሳይ እብጠት) አለ ከተባላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፣ የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ ውሃ ብቻ የያዘ ሲስት በጣም የተለመደ ነው፣ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፣ የሚያሳስበው ውስጡ ጠጣር ነገር ያለው ወይም ሆድ ውስጥ ውሃ አብሮ የታየበት ነው።

ወንድሞችንም ንገሯቸው። ብራካ 2 ያለበት ወንድ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ ፕሮስቴቱን በፒኤስኤ የደም ምርመራ መታየት አለበት፣ ጡቱ ላይ እባጭ ካየም ዝም አይበል፣ ሴት ልጆቹ ደግሞ ከሱ ሊወርሱት ይችላሉ። ልጆች ከ18 ዓመት በፊት ለብራካ አይመረመሩም፣ አድገው ራሳቸው ይወስናሉ፣ እስከዛ ድረስ ታሪኩንና ወረቀቱን አስቀምጡላቸው።